ኩርባውን በሠላሳ

ልብስ ሰፊዋ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ልጆቿን ሁሉ ድራ ከጨረሰች በኋላ ነው። ባሏ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የፈጀ ሾፌር ስለነበር፣ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ብርቱካን ከመላጥ በቀር ሥራ አልነበራትም። ኋላ ግን የሰውየውን ዓይን ሞራ ሸፈነውና ነገሩ ተገለበጠ፤ መሪው ወደ እሷ፣ ብርቱካኑ ወደ እሱ ዞረ።

ያን ቀን አንድ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ከሆስፒታል እየመለሰችው ነበር። አንደኛው በፋሻ ታሽጓል፤ ተራውን የሚጠብቀው ሌላኛው ከጭጋግ በቀር አያሳየውም። ምላሱ ግን ደኅና ነበረች።

«ይሄ መኪና ቆሟል ወይስ ይሄዳል?»

«አምሳ ላይ ነኝ። አምሳ ይላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ምልክቱ ነዋ።»

መንገዱ እንዳይሰለቸው ብላ ያየችውን ምልክት ሁሉ ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር። «መንገዱ ይጠባል። እግረኛ ማቋረጫ። መቅደም ክልክል ነው።»

«እዚህ ጋ መቅደም ክልክል ነው እንዴ?» አለ፣ ከልቡ ገርሞት።

«ሰሌዳው እኮ ከማርጀቱ የተነሳ ዝጓል። እዚሁ ስንቴ ቀድመሃል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ።»

«እንቅልፍ የወሰደሽ ይመስለኝ ነበር።»

ቁልቁለቱ ላይ፣ ኩርባው ሳይጀምር፣ በቀይ ክብ ውስጥ ሠላሳ የሚል ሰሌዳ ብቅ አለ። ማርሽ ቀነሰች። ሰውየው ከሞተሩ ድምፅ አወቀባት።

«ይሄን ኩርባ እኔ በስድሳ ነው የምይዘው። እጄ ያውቀዋል።»

«የኔ እጅ የሚያውቀው መርፌ ነው። በሠላሳ እንሄዳለን።»

ኩርባውን ስትጨርስ ሽንኩርት የጫነ መኪና በጎኑ ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶታል። ሰው ሁሉ አጎንብሶ የተበተነውን ሽንኩርት ይለቅማል። ፍሬን ያዘች። መኪናው ሳይንሸራተት ከአንዲት ለቃሚ ጀርባ ራቅ ብሎ ቆመ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ለቀማዋ ተመለሰች።

ምን እንዳጋጠማቸው ስትነግረው ሰውየው እጁን ዘረጋ። «ቀዩን ሻሽሽን ስጪኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ከኋላ የሚመጣው ሁሉ እንዳንቺ በሠላሳ አይመጣም።»

«አንተ ምኑን አይተህ ልታስቆም?»

«እኔ ባላያቸው እነሱ ያዩኛል።»

ክንዱን ይዛ ከኩርባው በላይ ወሰደችው። ዓይኑ በፋሻ እንደታሸገ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሻሹን ያውለበልብ ጀመር፤ እሷም ወደ አስፋልቱ እንዳይገባባት የኮቱን ጫፍ ጨብጣለች። አንድ አውቶቡስ ሲበር መጣና ጎማው እያፏጨ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። አንተም እንዳትሆን ነው። ከኩርባው ወዲያ ሰው መንገድ ላይ አለ።»

መንገዱ ተከፍቶ መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ሰውየው በዳበሳ እጇን አገኘ።

«እኔ ብሆን ኖሮ...» አለና ተወው።

«አንተ አልነበርክማ።»

ከተማ ሲገቡ የትራፊክ መብራት አስቆማቸው።

«ቀይ ነው?»

«ቀይ ነው።»

እጇን ከማርሹ ላይ አንስቶ ሳመው፤ አልለቀቀውምም። «አረንጓዴ ሲሆን ንገሪኝ።»

አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው ጥሩንባውን እስኪነፋባቸው ድረስ አልነገረችውም።