በሰም የታሸገው ብልቃጥ

«አባቴ፣ ጉሮሮዎን እንኳ ያርጥቡት! ዛሬ እኮ ሦስተኛ ቀንዎ ነው።»

ቄስ ወልደ ሐዋርያት የቀረበላቸውን ጣሳ በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት። ከንፈራቸው ዝናብ እንደራቀው መረሬ አፈር ተሰነጣጥቋል። አንዲት ልጃቸውን፣ ነርሷን ሲስተር እናትዓለምን፣ ወባ በአራት ቀን ነጥቋቸው፣ ከቀብር ወዲህ እህልም ውሃም አልቀመሱም። ዓባይ ማዶ፣ ከቤቷ ደጅ በተተከለው የእድር ድንኳን፣ ለሟቿ ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ አሁን የሚጨነቀው ለአባቷ ሆኗል።

ጣሳውን የያዘችው ውዴ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የቄሱ የንስሐ ልጅ። የዘጠኝ ዓመት ልጇ አደይ ከኋላዋ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ውዴ አምስት ዓመት ሙሉ በሆዷ የያዘችው ነገር አለ፤ ዛሬ ደግሞ በጡቶቿ መካከል የወሸቀችው ዕቃ ደረቷን ይወጋታል።

ከወዲያ ጥግ፣ ንፍሮ የምትቆረጥመው እትዬ ሸጊቱ ሹክሹክታ አትችልበትም።

«ደግሞ ይችን ልጅ ምን ልሁን ብላ አመጣቻት? በእናትዓለም እጅ ልትሞት የነበረችው እኮ ናት።»

«ኧረ ዝም በይ!» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤት።

«ምን ዝም እላለሁ? ከአዲስ አበባ ያባረሯት ለምን ሆነና! ልቧ ተቀዶ ለተሰፋች ሕፃን ውሃ አጠጥታ! በስብሰባ ፊት በአፏ አምናለች።»

«ነፍስ ይማር በይ እንጂ፣ ሸጊቱ።»

«ነፍሷንማ ይማር። እኔ ያልሁት እጇን ነው።»

ውዴ ዞር ብላ አየቻት። እጇን ነው አለች! ያንን እጅ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አደይ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ጤና አልነበረውም፤ ሦስት እርምጃ ሄዳ ቁጢጥ የምትል ልጅ ነበረች። በ፸፬ ዓ.ም. የውጭ ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው የሕፃናት ልብ ይሰፋሉ ተባለ። ውዴ ልትሄድ ስትል ከነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። ቄሱ ከሚያገለግሉበት ደሴት ያመጡትን ጠበል በመድኃኒት ብልቃጥ ሞሉ፤ አፉን በጥጥ ወትፈው የጧፍ ሰም አንጠባጠቡበት፤ ሰሙ ሳይደርቅ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ልጄ እናትዓለም እዚያው ናት፤ አይዞሽ። ይህን ደግሞ ዓይኗን ስትገልጥ አቅምሻት» አሉ።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል እናት አይገባም ነበር። እናትዓለም ናት ተሟግታ እናቶችን ያስገባችው። «ልጅ ስትነቃ የምታውቀው ፊት ካላየች ትደነግጣለች፤ የተሰፋ ልብ ድንጋጤ አይችልም» ብላ። ውዴ ያንን እጅ ያየችው ያኔ ነው። ከሕፃኗ ደረት ወጥቶ አልጋ ሥር ካለው ጠርሙስ የሚገባውን ቱቦ፣ ደሙ እንዳይረጋ በጣቶቿ እያለበች ታወርደዋለች። ስታስላት ስፌቱ እንዳያማት ከጨርቅ ትንሽ ትራስ ሰፍታ ታሳቅፋታለች። የሽንቷን ጠብታ እንኳ ትጽፋለች።

ከዚያ የመተንፈሻው ቱቦ ከጉሮሮዋ ወጣ፤ አደይም «እማ፣ ውሃ!» አለች።

«ገና ነው፣ የእኔ እመቤት» አለች እናትዓለም። ወደ ውዴም ዞራ፣ «ጉሮሮዋ መዋጥ ረስቷል፤ ያጠጣናት ሳንባዋ ነው የሚገባው።» ጥጥ አርጥባ ከንፈሯን ዳበሰችላት። «አትዋጪ እሺ? ከንፈር ብቻ።» ብላ ሌላ ሕፃን ስለተጨነቀባት ወደዚያኛው አልጋ ሮጠች።

«ውሃ!» ልጅቱ እንደገና።

የእናት አንጀት ነውና ውዴ አሰበች፤ የተከለከለው ውሃ ነው እንጂ ጠበል መች ተከለከለ? ጠበል ሊጎዳ? ሰሙን በጥፍሯ ከአንድ ጎን ላጥ አድርጋ በልጇ አፍ አንቆረቆረች። አንድ ጉንጭ፣ ሁለት ጉንጭ። በሦስተኛው ልጅቱ ትን አላት፤ ፊቷ ጠቆረ።

እናትዓለም እንዴት እንደደረሰች ውዴ አላየችም። በአንድ እጇ ውሃውን ከጉሮሮዋ በቱቦ ትመጥጣለች፣ በሌላው ጀርባዋን ደግፋ ትይዛለች፣ «ተንፍሽ፣ አደይዬ፣ ተንፍሽ!» ትላለች። የልጅቱ ትንፋሽ ሲመለስ የእናትዓለም ዓይን ብልቃጡ ላይ ወደቀ። በሰሙ ላይ ያለውን የአባቷን የጣት አሻራ አወቀችው። አንስታ ኪሷ ከተተችው። ሐኪሙ ሮጦ ሲገባ፣

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለች።

በኋላ ውዴን ወደ ኮሪደር አወጣቻት። «አንች ነሽ ካልሁ፣ ከነገ ጀምሮ እናት የሚባል በዚህ በር አይገባም። አባቴም በጠበሉ መሆኑን ቢሰማ ይሞትብኛል። ማይልኝ፣ ለአባቴ አትነግሪም።»

ውዴ ማለች። እናትዓለም አደይ እስክትድን ከአልጋዋ ሥር አልጠፋችም። ከዚያ ግለ ሂስ አስደርገው ወደ ባሕር ዳር፣ ቁስል ወደሚታጠብበት ክሊኒክ ላኳት። ብልቃጡን ለውዴ መለሰችላት፤ ባሕር ዳርም ሆና አደይ ባተኮሳት ቁጥር ጥጥ ይዛ ትመጣ ነበር። ቄሱ ግን ወሬውን ሰምተው በታንኳ ተሻግረው መጡ፤ ልጃቸው ውሃ ስታቀርብላቸው «እውነት ነው?» አሏት።

«እውነት ነው አባቴ፤ ዘነጋሁ።»

«እንግዲያ ከእጅሽ ውሃ አልጠጣም።»

የአንድ ቀን ንዴት ነበር። ግን እሳቸውም ቃላቸውን አላነሡ፣ እሷም ዳግመኛ አላቀረበች።

«ተዋት፣ ሸጊቱ እውነቷን ነው» የሚል የደከመ ድምፅ ውዴን ከሐሳቧ መለሳት። ቄሱ ሁሉንም ሰምተዋል። «ግን ልጄ ናት። አልጠጣም አልኋት፤ አሁን ከማን እጅ ልጠጣ?»

ውዴ ያን ጊዜ ገባት። አባቴ እንዳይሞት ተብሎ የተማለው መሐላ፣ ይኸው አባትየውን እየገደለ ነው። ብትናገር ልባቸውን ትሰብራለች። ዝም ብትል ነገ ሌላ ድንኳን ይተከላል። ተንበረከከች።

«አባቴ፣ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

የሸጊቱ እጅ በንፍሮው ሳህን ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«እናትዓለም ለእኔ ብላ ነው የተሸከመችው፤ ለሌሎቹም እናቶች ብላ።»

«አምስት ዓመት ንስሐ ስትገቢ…»

«አስምላኝ ነው።»

«ማንን ፈርታ?»

ውዴ ብልቃጡን ከጉያዋ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ቄሱ ተላጦ የተረፈውን ሰም አዩት፤ አውራ ጣታቸውን አስጠጉ፤ ልክክ አለ።

«ይህ… የእኔ ጣት ነው።»

«በደግ ነው የሰጡኝ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው አላለቀሱም። ትከሻቸው ብቻ ይርገፈገፋል። አንዱ «ያዟቸው!» አለ። ውዴ ጣሳውን ብታስጠጋ ጥርሳቸው ገጠመ።

አደይ ያኔ ከእናቷ እጅ ጣሳውን ወሰደች። የነጠላዋን ጫፍ ነከረች፣ ጨመቀች፤ የተሰነጣጠቀውን ከንፈር ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው።

«አይዋጡ እሺ፣ አባባ?» አለች። «ከንፈር ብቻ። እሷ እንዲህ ነው የምታደርገኝ።»

ቄስ ወልደ ሐዋርያት ልጅቱን አዩ። ከዚያ የነጠላውን ጫፍ በከንፈራቸው ያዙት፤ እንደ ሕፃንም መጠጡት።