የክብ ጠረጴዛው ዳንቴል

ጸሐፊዋ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የኮምፒውተሩን ፊደላት ሳታይ ነው የምትመታው። አለቃዋ ተናግሮ ሳይጨርስ ደብዳቤው ተጽፎ ይጠብቀዋል። እንግዲህ እነዚያ ጣቶች ናቸው አንዲት ቀጭን ኪሮሽ ይዘው የሚርበተበቱት። ፀጉሯ ሽበት ከጀመረው በኋላ ዳንቴል ልማር ማለቷ ራሷንም ያስቃታል፤ ግን ወዳ አልነበረም።

እናቷን ሰፈሩ «እትዬ ዳንቴል» ነው የሚላቸው። የእሳቸውን ሥራ ያልለበሰ ሶፋ ያለው ቤት ቢፈለግ አይገኝም። አሁን ግን ዓይናቸው ከድቷቸዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጉም ነው። ይህን የምታውቀው ሳታገባ አብራቸው የቀረችው ጸሐፊዋ ብቻ ናት፤ ከወንድሟ ከኢንጅነሩ እንድትደብቅም አስምለዋታል። «ካወቀ ቤቴን አሽጦ እሱ ጋ ፎቅ ላይ ይሰቅለኛል» ይላሉ። ስለዚህ ኢንጅነሩ ሲመጣ እትዬ ዳንቴል ወደ ድምፁ ዞር ብለው «ከሳህብኝ» ይሉታል። መክሳቱን ማን አይቶ! ግን እናቱ ከሳህ ብላው የማያምን ልጅ የለም።

ጣጣው የመጣው በስልክ ነው። የኢንጅነሩ ሚስት ክብ የምግብ ጠረጴዛ መግዛቷን ስትነግራቸው፣ ኩራታቸው ቀድሟቸው «የዳንቴሉን ነገር ለእኔ ተይው» አሏት። ስልኩ ሲዘጋ ጸሐፊዋን ጠርተው፣ እሷ እንደምትሠራው፣ እሳቸው ደግሞ እንደሚያሠሯት ነገሯት። ይሆንልሻል ወይ ብለው አልጠየቋትም።

ጸሐፊዋ እሺ ያለችው ለጠረጴዛው ተጨንቃ አይደለም። ኢንጅነሩ አንድ ፓኮ ብስኩት ይዞ ብቅ ሲል ምርቃቱ ይጎርፍለታል። እሷ ዓመት ከዓመት ስታበላ፣ ስታጥብ፣ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ስትጨምር የሚደርሳት ወይ «ቀዝቅዟል» ወይ «ዘገየሽ» ነው። ከእናቷ አፍ አንዲት ደግ ቃል ፈለገች። እንደ ልጅ አምሯት፣ እንደ ልጅ አፍራ ፈለገች።

የመጀመሪያው ሥራዋ ቆብ ሆነ። ከመሀል ጀምራ ዙሪያውን ስትሄድ ጠርዙ ወደ ላይ ታጠፈባት። እናትየው በጣታቸው ዳበሱትና ጠረጴዛው ራስ አለው ወይ ሲሉ ጠየቋት። ክብ እንዲሰፋ በየዙሩ መጨመር፣ ማለትም አልፎ አልፎ በአንዱ ቀዳዳ ሁለቴ መውጋት እንዳለባት የነገሯት ያኔ ነው። ቀድመው ለምን እንዳልነገሯት ስትጠይቅ፣ ይህ የሚታወቅ እንጂ የሚነገር አይደለም አሉ።

ፈታችው። በሁለተኛው እልህ ይዟት ባገኘችው ቀዳዳ ሁሉ ጨመረች፤ ጠርዙም እንደ ጎመን ቅጠል ተጥመለመለ። እሱንም ፈታችው። ሦስተኛው ለጥ ብሎ ተኛላት። እትዬ ዳንቴል ግን ዳሩን በአውራ ጣታቸው ዞሩትና «ማዕዘን አውጥቷል» አሉ። ጭማሪውን በየዙሩ እዚያው በዚያው ቦታ ደርድራው ኖሯል፤ መበተን ነበረባት። ተመልሳ ስትፈታው ክሩ ከመፈታት ብዛት ጠጉር አውጥቶ ነበር።

ቁጠሪ ይሏታል። ስትቆጥር፣ ጮክ አትበይ ራሴን አዞርሽው ይሏታል። ዝም ስትል ደግሞ ተኛሽ እንዴ ይላሉ። ቢሮ ውስጥ አለቃዋ እንዲህ ቢላት ወንበሩን ጥላለት ትወጣ ነበር፤ ከእናት ግን ወዴት ይወጣል?

የማታ ማታ ዳንቴሉ አለቀ። እትዬ ዳንቴል ከመሀል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሀል ዳበሱት። የሚነቅፉት ሲያጡ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩትና «ይሁን» አሉ። ጸሐፊዋ ኪሮሿን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ሌላ ቃል አልመጣም። እንግዶቹ ሲመጡ ይናገሩልኝ ይሆናል ብላ ራሷን ደለለች።

ኢንጅነሩና ሚስቱ እሁድ መጡ። ሚስትየው ዳንቴሉን ዘርግታ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«እጅዎ ይባረክ እማማ። ማሽን እንኳን እንዲህ አይሠራም» አለች።

«አሜን» አሉ እትዬ ዳንቴል።

አሜን ብለው ቢያበቁ ደግ ነበር። ወገባቸውን እንዴት እንዳመማቸው፣ ስንቴ እንደፈቱት ሁሉ ተረኩ። ልጃቸውንም ሊያስተምሯት ሞክረው እንደነበር፣ እጇ ግን አልገራ እንዳላቸው አከሉበት። ለሳሎንሽ ትንሿ ጠረጴዛም ሌላ እሠራልሻለሁ አሏት።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ጸሐፊዋ ማጭድ ከማንም መዋስ አላስፈለጋትም።

«በየትኛው ዓይንሽ ነው የምትሠሪላት፣ እማዬ?» አለች።

ኢንጅነሩ ቀና አለ። እሷም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ቀጠለች።

«እስቲ የልጅሽ ሸሚዝ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ንገሪው።»

እናትየው ወደ ልጃቸው ሊዞሩ ፈለጉ። ክፍሉ ውስጥ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ወዴት እንደሚዞሩ ጠፋቸው። ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ኮት ፈገግ አሉለት። ኢንጅነሩ ተነሥቶ እጁን ፊታቸው ላይ አወዛወዘ፤ ዓይናቸው አልተርገበገበም።

ቢቆጣ ይሻል ነበር። አልተቆጣም። አጠገባቸው ተቀምጦ ትከሻቸውን አቀፈና፣ እማዬ ቀን ቀን ብቻዋን መዋል የለባትም፣ ቤቱን እንሽጠውና እኛ ጋ ትግባ አለ። እህቱንም በደግነት አያት። የወር ደመወዝተኛ ስለሆንሽ አንድ ክፍል ተከራይቶ መኖር አያቅትሽም አላት። ጸሐፊዋ እዚያ ድረስ አላሰበችም ነበር። ያሰበችው ዳንቴሉን ብቻ ነው።

ሚስትየው ዳንቴሉን ከተዘረጋበት አነሣች።

«ታዲያ ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አለች ጸሐፊዋ።

ሚስትየው ዳንቴሉን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እትዬ ዳንቴል አሁን ልጃቸው የት እንደቆመች ከድምፅዋ አውቀዋል። ቀጥ ብለው ወደ እሷ ዞሩ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉ።

ጸሐፊዋ አሜን ማለት አቃታት።