ከደጅ የተመለሰው ብርድ ልብስ

አጣቢዋ በታላቅ እህቷ ላይ የያዘችው ቂም የቆየ ነው። እናታቸው የታመመች ጊዜ ታላቅየዋ «እኔ ጋ ይሻላታል» ብላ በታክሲ ወሰደቻት። እሺ፣ ትውሰዳት። በማግስቱ አጣቢዋ የእናቷን ብርድ ልብስ ተሸክማ ስትሄድ ግን እህቷ በር ላይ ቆማ፣ «ይሄን ቡትቶ ቤቴ አታስገቢብኝ፤ ሁሉን ነገር አዲስ ገዝቼላታለሁ» ብላ መለሰቻት። እናትየው በዚያ አዲስ አልጋ ላይ የአዲሱን ብርድ ልብስ ጠርዝ በጣቷ እየዳሰሰች፣ የለመደችውን ስታጣው እጇን እየሰበሰበች ከረመች። እህል አልወርድ አላት። ሞተች። አጣቢዋ አላለቀሰችም። ብርድ ልብሱን ሣጥን ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት። የሆቴል አንሶላ ሲያጥብ የሚውለው እጇ ያን አንድ ጨርቅ ውኃ አላስነካውም።

ዘንድሮ የእህቷ ልጅ አግብታ ስትወጣ ጥንቸሏን ትታ ሄደች። ታላቅየዋ ጥንቸሏን ከነአዲስ ሳህኗ፣ ከነአዲስ መተኛዋ አምጥታ አስረከበች።

«ሶፋዬን በልታ ጨረሰችው። ብቻሽን ነሽ፣ ታጫውትሽ።»

«ወሬ ታውቃለች?»

«ካንቺ ትሻላለች።»

አጣቢዋ እንደ ሙያዋ ክፍሉን በበረኪና ፈትጋ ጠብቃ ነበር። ጥንቸሏ አልጋ ሥር ገብታ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ካሮት ቢሏት የለም፣ ጎመን ቢሏት የለም። ሲነጋም እዚያው ናት። አጣቢዋ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደወለች።

«ጥንቸል ካልበላች ቶሎ ነው የምትሞተው» አላት። «ሽታዋ ያለበት፣ የለመደችው ነገር አብሯት መጥቷል?»

አጣቢዋ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ጫማዋን አድርጋ እህቷ ቤት ሄደች።

«እትዬ፣ የድሮ መተኛዋ የታል?»

«ያ የገማ ፎጣ? ጣልኩታ።»

አጣቢዋ እጅጌዋን ሰብስባ ከደጅ ያለውን የቆሻሻ በርሜል መፈተሽ ያዘች።

«ኧረ ጎረቤት ያያል።»

«ይይ።»

ፎጣው ከታች ተገኘ፤ ፀጉር በፀጉር ሆኗል። ቤቷ ስትደርስ እጇ ልማድ ሆኖበት ወደ ባልዲው ሊሄድ ሲል ያዘችው። እንዳለ አልጋ ሥር አኖረችው። ጥንቸሏ አሸተተችው፣ አገጯን አሻሸችበት፣ ተኛችበት። ቆየት ብሎ ጎመን ሲቆረጠም ተሰማ። አጣቢዋ አሁን ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። እንዲሁ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቁርጥም ቁርጥም ሲል አዳመጠች።

ከዚያ ተነስታ ሣጥኑን ከፈተች።

እህቷ በሩን ስትከፍት አጣቢዋ የታቀፈችውን አየች።

«ደግሞ ይሄ ምንድነው?»

«ታውቂዋለሽ።»

በአጠገቧ አልፋ እናታቸው ወደሞተችበት ክፍል ገባች። አልጋው ላይ የተከመረውን ያልተተኮሰ ልብስ አንስታ ወንበር ላይ አደረገችና ብርድ ልብሱን አለበሰችው።

«አሁን ለማን ብለሽ ነው?»

«ለማንም። ቦታው እዚህ ነበር።»

ታላቅየዋ መቃኑን ተደግፋ ቆመች። አንሺው አላለቻትም። አጣቢዋ ሆቴል እንደምታደርገው አራቱንም ማዕዘን አጥፋ፣ ከፍራሹ ሥር አጥብቃ ወተፈችው።