የጁምዓዋ ሰዓት

ሀጀር የኔ የምትለው ጊዜ በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር፤ ጁምዓ ቀን፣ ባሏ ሃይደር ለሰላት መስጊድ ሲሄድ። ሃይደር ለሚ ኩራ ያለውን የቀለም ሱቃቸውን የላሜራ መዝጊያ አውርዶ ይሄዳል፣ እሷ «ዕቃ ላስተካክል» ብላ ውስጥ ትቀራለች። የምን ዕቃ! የሴራሚክ ካርቶን ቀድዳ፣ ከየጣሳው የተረፈውን ቀለም አንጠፍጥፋ፣ ሥዕል ትሥላለች እንጂ። የሰፈሩን ኮንዶሚኒየም፣ በየበረንዳው የተሰጣውን አንሶላና የልጅ ካልሲ ሁሉ ካርቶኑ ላይ ታወርደዋለች።

ሌላውማ ቀን ጊዜ ከየት ተገኝቶ! ጠዋት ሦስት ልጅ ለትምህርት ቤት ማሰናዳት፣ ከዚያ ሱቅ፣ ከሱቅ ጉሊት፣ ከጉሊት ምድጃ፤ ማታ ደግሞ የልጆቹ የቤት ሥራ። ብሩሽ መያዙ ይቅርና ፀጉሯን ለማበጠር እንኳ ፋታ አጥታ ሻሿን ሸብ አድርጋ የምትወጣ ሴት ናት። ያቺ ሰዓት ባትኖር፣ ወላሂ፣ ልጆቹ ላይ ስትጮህ ትውል ነበር።

ለሃይደር ግን ትንፍሽ አላለችም። የሦስት ልጅ እናት ቀለም ታቦካለች ብሎ እንዳይስቅባት ፈራች።

አንድ ማክሰኞ ሱቅ ውስጥ ምሳ እየበሉ፣ «ሀጀር» አላት፣ «ማዶ ያለው ሱቅ ጁምዓ በምሳ ሰዓት አይዘጋም። ደንበኞቻችን ወደዚያ እየዞሩ ነው። አንቺ እንደሆነ መስጊድ የመሄድ ግዴታ የለብሽም፤ ከፍተሽ ብትሸጪስ?»

ሰውዬው እውነቱን ነው፤ ምን ትበል? «እሺ» አለች። አለችና ምሳ ዕቃውን ስታጥብ እንባዋ መጣ። ኧረ አንቺ ሴት፣ ዝም ብለሽ ልትቀሪ ነው? ብላ ራሷን ተቆጣች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተመልሳ ፊቱ ቆመች።

«እሺ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ያቺን ሰዓት አልሰጥህም። ሌላውን ሁሉ ውሰድ፣ እሷን ተውልኝ» አለችው፤ ካርቶኖቹንም ከመደርደሪያው ጀርባ ጎትታ እፊቱ ደረደረች።

ሃይደር አንዱን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ሌላ አነሳ። ከዚያ ሳቀ። ካርቶኖቹን መልሳ ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች።

«ይቺ ቢጫ የጎረቤታችን የሳጂዳ አንሶላ አይደለችም? ሱብሐነላህ፣ ቀዳዳዋን ሳይቀር አወጣሽው! ታዲያ ምን አስደበቀሽ? አውሬ መሰልኩሽ?»

ስለ ሱቁ ግን ምንም አላለም። ሀጀር ቁርጡን ሳታውቅ ልቧ ተንጠልጥሎ ሰነበተ።

ጁምዓ ደረሰ። ሃይደር ጀለቢያውን ለብሶ ወጣና መዝጊያውን ወደ ታች ሳበው። ግማሽ ሳይደርስ አንድ ፒክአፕ ሲጥጥ ብሎ ቆመ። ኮንትራክተሩ ደቻሳ ነው፤ የአንድ ሙሉ ሕንፃ ቀለም በአንዴ የሚወስድ ደንበኛ።

«ሃይደር፣ ቆይ ቆይ! ሠራተኞቼ ሥራ ፈትተው ቆመዋል፤ አሁኑኑ ጫንልኝ!»

ሀጀር ውስጥ ሆና ያነሳችውን ብሩሽ መልሳ አስቀመጠች። አለቀ በቃ፤ ይሄን ማን ይመልሳል?

«ከሰላት በኋላ እጭንልሃለሁ። አሁን ዝግ ነን» አለ ሃይደር።

«ባለቤትህ ውስጥ አለች አይደል፣ እያየኋት! እሷ አትሸጥልኝም?»

«አትሸጥልህም። ሥራ ይዛለች።»

መዝጊያው መሬት ነካ። የፒክአፑ ሞተር ተነስቶ ወደ ማዶው ሱቅ ሲዞር ሀጀር ከውስጥ ሰማች። ሃይደርም በር ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ ግን አልተጣራም። ኮቴው ወደ መስጊዱ መንገድ ራቀ።

«ዕድሜህን ያርዝመው» አለች፣ ወደ ተዘጋው በር ዞራ፣ እንባዋ እየወረደ።