ወንድሜ ገላጋዩ

ወንድሜን ጩጬ ነበር የምንለው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ነው እንጂ ቁመቱስ በሳሎኑ በር የሚያልፈው ጎንበስ ብሎ ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራ ይማር ስለነበር ቤታችን ውስጥ እሱ ያልፈታታው ዕቃ አልነበረም። እማዬ "ይኼ ልጅ አንድ ቀን እኔንም ፈታትቶ ይገጥመኛል" ትል ነበር።

የሞተው በሰው ጠብ ነው። ይህን ስናገር እስከ ዛሬ ጥርሴን ነው የምነክሰው። አብረውት የሚማሩ ሁለት ልጆች ስልክ ላይ በተጻፈ ቀልድ ተጣሉ። ቀልዱን አንብቤዋለሁ፤ አያስቅም። አንደኛው በሰው ፊት ተሰደብኩ ብሎ ቢላ ይዞ መጣ። ሌላኛው ጎፈሬ የሚባል፣ የጩጬ የልብ ጓደኛ ነበር። ጩጬ "ተዉ እንጂ" እያለ መሐላቸው ገባ። ለጎፈሬ የተሰነዘረው ቢላ እሱ ጎን ላይ አረፈ። ይህ ሁሉ የሆነው ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ ነው። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

ሊያጽናኑን የሚመጡት ሰዎች ቁጭ ብለው ትንሽ ይተክዙና "ምን ጥልቅ አደረገው?" ይላሉ። እማዬ ይህን በሰማች ቁጥር ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። "ሰው ሲጣላ ቆመህ አትይ" እያለች ያሳደገችው እሷ ናታ። እኔ ደግሞ "ታዲያ እናንተ ብትሆኑ ቆማችሁ ታዩ ነበር?" እላለሁ። ወሬ ይለውጣሉ።

ከቀብሩ በኋላ እማዬ የቤቱን ቢላ ሁሉ ሰብስባ የት እንዳደረሰችው እንጃ። ብንጠይቃት አትናገርም፤ አዲስ ገዝተን ብናመጣ ያም ይጠፋል። ሽንኩርት በመቀስ መቁረጥ ጀመርኩ። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከቤታችን ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። አንድ ቀን መቀሱን አሽትቶ መጣና "በዚህ የሰው ሙሽራ ልብስ ነው የምቆርጠው!" ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽኩበት። እማዬ በሁለታችንም ላይ ጮኸች። ከዚያ ማናችንም ራት ሳንበላ ተኛን። እንዲህ ነበር የምንኖረው። አባዬም ቢሆን ሥራው ሥራ አልነበረም፤ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ደንበኛ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሮ ይሰጠዋል። ደንበኛውም ሐዘናችንን ስለሚያውቅ "እጅዎን ይባርከው ጋሼ" ብሎ ይዞለት ይሄዳል።

ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር። በየቀጠሮው አባዬ ሙሉ ልብሱን ተኩሶ ይለብሳል፣ እኔ ከሥራ አስፈቅዳለሁ፣ እማዬ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ዳኛው ታመዋል ይባላል። ሌላ ጊዜ የተከሳሹ ጠበቃ አልመጣም፣ ሌላ ጊዜ መብራት የለም። እንሰናበታለን። ተከሳሹ "እነሱ ናቸው የመጡብኝ፤ ራሴን ስከላከል ነው" አለ። ቆመው ያዩት ሰዎች "ግርግር ስለነበር አልለየሁም" አሉ። ዐቃቤ ሕጓ እማዬን ወደ ጥግ ወስዳ "ያለ ጎፈሬ ምስክርነት ጉዳዩ ይላላብናል" አለቻት። ጎፈሬ ግን ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ደብዛው የለም። ቤታቸው ብንሄድ እናቱ በሩን ገርበብ አድርጋ "ልጄ እዚህ የለም። እኔም ያለኝ እሱው ብቻ ነው" አለችና ዘጋችብን።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ስሄድ ከኋላ "ወራጅ አለ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሻከር ያለ፣ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ድምፅ። ያ ድምፅ በመስኮታችን ሥር ቆሞ "ጩጬ! ና ውጣ!" ሲል ስንት ጊዜ ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል። በመስታወቱ አየሁት። ፀጉሩን ተላጭቶ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። ጎፈሬ ነው።

ፌርማታውን አለፍኩት።

"ሹፌር! ወራጅ ተብሏል እኮ!"

"ምነው፣ ጆሮ የላትም እንዴ?"

"ኧረ እኔም ወራጅ ነኝ!"

የሚቀጥለውንም አለፍኩ። አንድ ግንብ ጥግ አቆምኩና ሞተሩን አጥፍቼ ተነሳሁ። አንዱ ወጣት "ተጠለፍን በቃ" ብሎ አንዳንዶቹን አሳቀ። ሰው እየገፋሁ እስከ ኋላ ሄድኩ። ጎፈሬ ሲያየኝ ኮፍያውን አወለቀ።

"እትዬ..."

"እትዬ አትበለኝ! የት ነበርክ?"

"አክስቴ ጋ።"

"ምን ትሠራለህ አክስትህ ጋ?"

"ምንም።"

"ምንም! ወንድሜ ባንተ ምክንያት አፈር ገብቶ አንተ ምንም ትሠራለህ?"

ጎፈሬ ዓይኑን ከጫማው ላይ ሳያነሳ "የዚያ ልጅ ታላቅ ወንድም ቤታችን መጥቶ ነበር" አለ። "አፍህን ብትከፍት እንደግምሃለን አለኝ። ያሸሸችኝ እናቴ ናት።"

"ለፖሊስ አልተናገራችሁም?"

"ተናገርን። የዛተባችሁን ይዛችሁት ኑ አሉን።"

ልመታው ነበር የሄድኩት። ንዴቴ ግን እሱ ላይ መቆም አቃተው፤ ወደማን እንደማዞረውም አላወቅኩም። አንድ ሽማግሌ ከመሐል "ልጄ፣ ወይ ንጂው ወይ አውርጂን" አሉኝ። ተመልሼ በሩን ከፈትኩት። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ወረደ። ጎፈሬ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

ጋራዥ ስንደርስ የስምሪት ኃላፊው ስልኩ በአቤቱታ ግሎ ጠበቀኝ። "አውቶቡሱ የሕዝብ ነው እንጂ የአባትሽ ሳሎን አይደለም!" ብሎ ከሥራ አገደኝ። እሺ ብዬ ቁልፉን አስረከብኩና ከጎፈሬ ጋር በእግራችን ወደ ቤት ሄድን።

አባዬ ስፌት መኪናው ላይ ነበር። ጎፈሬን ሲያይ ብድግ አለ።

"ይኼን ከቤቴ አውጪልኝ!"

"ይግባ" አለች እማዬ ከውስጥ።

"አይገባም!"

"ይግባ አልኩ እኮ!"

ገባ። እማዬ ወንበር ሰጠችው፤ እሷም ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ተጠግታው ተቀመጠች። እኔ ስለ ምስክርነቱ የምታነሳ መስሎኝ ነበር።

"ምን አለ?" አለችው።

"ማን?"

"ልጄ ነዋ። መጨረሻ ላይ። ሐኪሞቹን ጠየቅኩ፣ ፖሊሶቹን ጠየቅኩ፣ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።"

ጎፈሬ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨበጠ። "ራሱ ጉልበቴ ላይ ነበር። ጃኬቱን ያዝ እያደረገ 'ተቀደደ አይደል? አባዬ ይቆጣኛል' አለኝ። እኔም 'ይሰፋልሃል' አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።"

ጃኬቱን የሰፋለት አባዬ ነበር። ወደ ሱቁ ተመለሰ። የስፌት መኪናውን ድምፅ ጠበቅን፤ አልተሰማም። ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"ይኼን ፍርድ ቤት ትናገራለህ?"

"እፈራለሁ ጋሼ።"

"ፍራ። እየፈራህ ተናገር። ስትሄድም ስትመለስም አብሬህ ነኝ።"

በማግሥቱ የጎፈሬ እናት ሰምታ እየጮኸች መጣች። "ልጄን ልታስገድሉት ነው?" አለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እማዬ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። "የእኔ ልጅ ያንቺን ያተረፈልሽ አክስቱ ጋ ይደበቅ ብሎ አይደለም!" ብላ እሷም ጮኸች። ከዚያ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እማዬም ከጎኗ ተቀመጠች። ተቃቅፈው አለቀሱ ብል ውሸቴን ነው። ተኮራርፈው ጎን ለጎን ብዙ ቆዩና ሴትዮዋ ተነስታ ሄደች። በቀጠሮው ቀን ግን ልጇን ይዛ ከእኛ ቀድማ ችሎት ደርሳ ነበር።

ጎፈሬ ቃሉን ሰጠ። ድምፁ አልወጣ ብሎት ዳኛው "ጮክ በል" እያሉት፣ የዚያ ልጅ ታላቅ ወንድም ከኋላ አፍጥጦ እያየው፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አባዬ ሙሉውን ሰዓት ቆሞ ሰማው፤ ቁጭ በል ቢሉት እንቢ አለ።

ልጁ ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱ ሲነበብ ግን የተፈረደበት ዓመት የጩጬን ዕድሜ እንኳ አይሞላም። በዕድሜው ለጋነት፣ የቀድሞ ጥፋት የሌለበት በመሆኑ ተብሎ ተቀነሰለት። የእኛስ ለጋ አልነበረም? የእኛስ ምን ጥፋት ነበረበት? ማንን ልጠይቅ? ደጅ ስንወጣ የሚያውቀን ሁሉ "እንኳን ደስ አላችሁ" እያለ ጨበጠን። ደስታው የቱ ጋ እንዳለ የሚያሳየኝ ቢገኝ ጥሩ ነበር።

ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ገባን። ማናችንም ወደ ቤት መሄድ አልፈለግንም። ሻይ መጣ። አባዬ በእነዚያ ሁሉ ቀጠሮዎች እንዲህ ሆነ ሲሉት "እሺ ጌታዬ" ብቻ ሲል የከረመ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ፉት አለና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አጋጨው።

"ይኼ ሻይ ነው? እሳት የሚባል ነገር አይቷል?"

"ጋሼ፣ አሁን የፈላ ነው" አለ አስተናጋጁ።

"አሁን? የትኛው አሁን? የዓምናው?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እማዬ "ተው አንተ ሰውዬ" ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ጩጬ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ሳቋ መሐል መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ፤ እሷም አልከለከለችው፣ እኛም አላባበልናት። አስተናጋጁ ደንግጦ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ሌላ ሻይ ይዞ መጣ። አባዬ ፉት አለና ምላሱን ተቃጠለ።

"ይኼኛው ደግሞ ያቃጥላል" አለ፣ ግን ጠጣው።