የግራናው እሬት

ሚኒባሱ ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ ሲወርድ ማህሌት ስልኳን እንደገና አወጣች። አጠገቧ የተቀመጠው ሲራክ ፎቶውን ከዚህ በፊት አይቶታል፤ ወልድያ ባለው ቤተ ሙከራቸው ያላየው ሰው የለም። በብርጭቆው ሳህን ላይ ጀርሙ እንደ ረጋ ወተት ተንጣሏል፤ የእሬቱ ጭማቂ ጠብ ያለበት ቦታ ግን ጥርት ያለ ክብ ሠርቷል። በዚያ ክብ ውስጥ አንድም ባክቴሪያ አልተረፈም።

«እየው እስቲ! ስንቱን መድኃኒት ያቃተ የቁስል ጀርም እኮ ነው» አለችው።

«ቆንጆ ነው» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ያንገበገበውም ቆንጆ መሆኑ ነበር። ሲራክ የሀብሩ ወረዳን ተራራና ሸለቆ ለዓመታት በእግሩ ሲያስስ ኖሯል። ጫማ ጨርሷል፣ ውሻ ነክሶታል፤ የሰበሰበውን ቅጠል በጋዜጣ መሐል እያደረቀ፣ በየወገኑ እየለየ ቁም ሳጥኖቹን ሞልቷል። ያን ሁሉ የደከመው በልቡ ለአንድ ነገር ነበር፤ ሳይንስ የማያውቀው፣ ስም ያልወጣለት አንድ ተክል ለማግኘት። አላገኘም። ማህሌት ደግሞ ገና ትናንት የመጣች፣ የጀርም እንጂ የቅጠል ነገር የማይገባት፣ ኮሶን ከወይራ የማትለይ ልጅ ናት። ግራና የምትባል መንደር ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ ከቀብር ላይ አንድ የእሬት ቅጠል ቆርጣ ተመለሰች፤ ይኸው ዛሬ ስሟ ከሰው አፍ አይወርድም። ለቅሶ ደርሳ! ይህችን ባሰበ ቁጥር ደሙ ይፈላል።

ቀንቶባታል፤ ሌላ ስም የለውም። መጀመሪያ ሰሞን «እኔ የምጨነቀው ለሥራው ጥራት ነው» እያለ ራሱን ይደልል ነበር፤ አሁን እሱንም ትቶታል። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንኳ ይቀልለው ነበር። እሷ ግን ምሳዋን ሳታካፍለው አትበላም፤ እሱም እየበላ ይናደዳል።

ደግሞ አንድ የሚቆጠቁጠው ነገር አለ። ቅጠሉን መጀመሪያ ያመጣች ጊዜ ምን ዓይነት እሬት እንደሆነ ጠይቃው ነበር። ሥራዋን ቶሎ ከፊቱ ለማራቅ ብሎ በቅጡ ሳያየው፣ በየደጁ የሚበቅለውን የተራውን እሬት ስም ነገራት። «እሬት አበባው ሳይታይ ስም አይሰጠውም» እያለ የተማሪዎቹን ጆሮ የሚያደነቁር ሰው! ነገ ጽሑፏን ለመጽሔት ልትልክ ነው። ከመላኳ በፊት አበባውን በዓይኑ አይቶ እንዲያረጋግጥላት ስለለመነችው ነው ዛሬ አብረው የወጡት። ስሙ ከተሳሳተ ጉድ ነው። ሌላው ተመራማሪ በዚያ ስም የሚጠራውን እሬት አምጥቶ ሲሞክር ያ ጥርት ያለ ክብ አይወጣለትም፤ እሷም ውሸታም ትባላለች።

ከመርሳ በባጃጅ ግራና ደረሱ። ቀብሩ ከመንደሩ ጫፍ ነው። የአካባቢው ሙስሊሞች በቀብር ላይ እሬት መትከል የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ውሃ የሚያጠጣው ባይኖርም አይደርቅምና። ሸህ ኡበይደላ ምርኩዛቸውን ይዘው ከባለቤታቸው ቀብር አጠገብ ጠበቋቸው። ማህሌት ቅጠሉን የቆረጠችው በእሳቸው ፈቃድ ከዚያ ቀብር ላይ ነበር።

«መርሐባ ልጄ። ዛሬስ ሰው ይዘሽልኝ መጣሽ!»

«የነገርኩዎት ሲራክ ነው። የቅጠል ነገር ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሲራክ አልሰማትም። ገና ሳይደርስ ቆሞ ቀርቷል። እሬቱ አብቧል። ረጅሙ ዘንግ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ አበቦቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዞረዋል፤ ከሥራቸው ቢጫ፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ጉበት የጠቆረ ቀይ። ተንበርክኮ ማጉያ መነጽሩን አወጣ። አበቦቹ ላይ ደቃቅ ነጭ ፀጉር አለ። በሰበሰባቸው ውስጥ የለም፤ ካነበባቸው መጻሕፍትም በአንዱ የለም።

«ይኼን ከየት አመጡት?» አላቸው ሸሁን።

«ከዚያ ከገደሉ ነዋ! በገመድ ወርጄ። ያኔ ጉልበት ነበረኝ።»

ሲራክ ቀና ብሎ ገደሉን አየው። በሥሩ ስንት ጊዜ እንዳለፈ እሱ ያውቃል።

«ያው ነው አይደል?» አለች ማህሌት ከኋላው።

«አይደለም» ካላት መድኃኒቱም የእሷ፣ አዲሱም ተክል የእሷ ሊሆን ነው። ዝም ካለ ግን ጽሑፏ በተሳሳተው ስም ይሄዳል፤ እሱ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተክሉን ይገልጸዋል፣ ስም ያወጣለታል፣ ከስሙም ጎን የእሱ ስም ይጻፋል። ይህን ሁሉ ለማሰብ አንድ ትንፋሽ በቃው።

«ያው ነው» አለ።

«ተመስገን! ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንተ ካየኸው በቃኝ።» አበባውን ፎቶ እንኳ አላነሳችውም።

ባጃጅ ሲያገኙ መነጽሬን ረሳሁ አላት። መርሳ ቀድማ ቦታ እንድትይዝለት ነግሯት ብቻውን ተመለሰ። ሸህ ኡበይደላ አልሄዱም ነበር።

«ሸህ፣ አበባውን ልቁረጠው ብል ይፈቅዱልኛል?»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «ለልጂቱ ነው?»

«አዎ፣ ለሷ ነው።»

«እንግዲያማ አብሽር፣ ቁረጠው። ሥሩን ግን እንዳትነካብኝ። ባለፈው እኮ ‹ሲራክ ካላየው አላምንም› ስትለኝ ነበር፤ የምር ታከብርሃለች» አሉና ዘንጉን እሳቸው ያዙለት።

የቅጠል ሰብሳቢ ወጉ ዘንጉን ቆራርጦ በጋዜጣ መጠቅለል ነው። እንደዚያ ቢያደርግ ቦርሳው ውስጥ ይገባ፣ ማንም ሳያየው ወልድያ ይደርስ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ቢላዋውን አወጣ፤ መልሶ ከተተው። ይህን ተክል በስሙ ለመጥራት የመጀመሪያው ሰው ሊሆን ነው፤ እንዴት አድርጎ ይቁረጠው? ሳይቆርጠው መርሳ መናኸሪያ ደረሰ፤ ዘንጉን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ እንደያዘ።

ማህሌት ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን ዘርግታ ቦታ ይዛለታለች። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ አበባውን አየች።

«ያው ከሆነ ለምን ቆረጥከው? በየደጁ የሚበቅል ነው አላልከኝም?»

«ግባ እንጂ ጋሼ፣ መሄዳችን ነው!» አለ ረዳቱ።

ገብቶ ተቀመጠ። «ያው አይደለም» አለ። «እስከ ዛሬ በሳይንስ ስም አልወጣለትም። አዲስ ነው።»

ደስታዋን ጠበቀ፤ ሊጠላውም ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን አበባውን አየች፣ ቀጥሎ እሱን።

«መቼ አወቅህ?»

መልሱ አፉ ላይ ነበር፤ አሁን ስመለስ ነው፣ በመነጽሩ ደግሜ ሳየው ነው ማለት። ታምነው ነበር። ቅድም እንዳመነችው ታምነው ነበር።

«ቀብሩ ላይ ስትጠይቂኝ» አለ።

ማህሌት ነጠላዋን ሰበሰበች። ዘንጉን ከእጁ ወሰደችና ወደ መስኮቱ ጥግ ተጠጋች።

«እንዳይበላሽ እንዴት ነው የሚያዘው?» አለች፣ ሳትዞር።

ነገራት። እንዳላት አድርጋ ያዘችው። በመካከላቸው የተተወውን ቦታ ረዳቱ አየና ዘንቢል የያዙ አንዲት ሴትዮ አስገብቶ አስቀመጠበት።