ዝም ያለ ባል

«መጣ» አለች ካሰች፣ የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዘች። «የልጅሽ ባል መጣ።»

ፈንቴ ቀና አላለችም። ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጇን ጥሩአየሁን ወባ ነጥቋት ዛሬ ሣልስቷ ነው። የሽንፋ ሙቀት እንባ እንኳ አያስቀርም፤ ገና ከዓይን ሳይወርድ ያደርቀዋል።

ከገለጉ በጭነት መኪና የመጣው አለምሰገድ ከአጥሩ ሳይገባ ጮኸ። «የቤቴ ምሰሶ! ትተሽኝ የት ሄድሽ!» ደረቱን ደቃ። ለቀስተኛው አብሮት አነባ።

ጎረቤቷ ካሰች ወደ ፈንቴ ጆሮ ጠጋ አለች። «ይሄ ሰውዬ ምላስ ነበረው እንዴ? ወይስ መንገድ ላይ ገዝቶ ነው የመጣ?»

ያለ ነገር አልተናገረችም። አለምሰገድ ሚስቱን አያናግርም ነበር። ተጣልቶ አይደለም፤ እንዲሁ ነው። ውሃ ሲፈልግ ባዶውን ጀሪካን በእግሩ ገፋ ያደርጋል። እራት ሲዘገይበት ለውሻው ይነግረዋል። ጥሩአየሁ ለእናቷ ብትነግራት ፈንቴ ሳቀችባት። «አልመታሽ፣ አላስራበሽ! ዝም ያለ ባል እኮ ዕድል ነው!»

በኋላ ልትጠይቃት ገለጉ ሄደች። ማለዳ ከጓሮ ድምፅ ሰምታ ብትወጣ፣ ልጅቱ ማሽላ እየወቀጠች ለብቻዋ ታወራለች፤ ጠያቂም መላሽም ራሷ ናት።

«ጥሩአየሁ፣ ደህና አደርሽ?»

«ተመስገን። አንተስ?»

ፈንቴ የዚያኑ ቀን ልጇን ይዛ ተመለሰች።

አለምሰገድ ያለ በደል ትታኝ ሄደች ብሎ ከሰሰ። ጥሩአየሁም መንፈሴን አሠቃይቶታልና አፋቱኝ አለች። ዳኛው ጠየቋት።

«መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«ሰደበሽ?»

«አልሰደበኝም።»

«ታዲያ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም።»

ሰው ሳቀ። እንግዲህ ዝምታን ማን ይመሰክርላታል? ቀጠሮ ተሰጠ፤ ቀጠሮው ሳይደርስ ሞተች።

ሽማግሌው አያ ባየልኝ ከለቀስተኞቹ ወንዶች መካከል ተነሥተው መጡ። «እትዬ ፈንቴ፣ ከጎንዎ ያስቀምጡት። ፍርድ እስካልተሰጠ ድረስ ባሏ ነው።»

«ከጎኔ ካስቀመጥኩት እሷ በዳይ ሆና ቀረች ማለት ነው።»

«ሞታለች እኮ። ለሞተ ሰው ይሄ ምን ያደርግለታል?»

«ሌላ ምን ቀራት፣ አያ ባየልኝ?»

አለምሰገድ እግሯ ሥር ተንበረከከ። «እማ፣ ምሰሶዬን አጣሁ! ምሰሶዬን…»

«ምሰሶ ምሰሶ አትበለኝ» አለች ፈንቴ። «ስሟን ጥራ።»

ሰውየው ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ጥሩአየሁ» አለ።

ፈንቴ አየችው። ስሟ ጉሮሮውን አላነቀውም፤ ምላሱንም አልቆረጠውም። ልጇ በየማለዳው ለራሷ ስትለው የኖረችው ቃል፣ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀበትም።

«ጥሩአየሁ» ደገመ። አሁን ከልቡ ማልቀስ ጀመረ። «ጥሩአየሁ፣ ጥሩ…»

ፈንቴ እጇን ዘርግታ አፉን ከደነችው። «ይሄ ጥሪ የሷ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለእኔ አታምጣው።»

አያ ባየልኝ አንገታቸውን ደፉ። ከእንግዲህ ያስቀምጡት አላሏትም። ፈንቴ አልገፋችውም፣ አልመታችውም። ትኩስ ትንፋሹ መዳፏን እያራሰው፣ እንደከደነችው ቆየች።